ሐረጎን ስንወርድ «ባኾ»፣ ስንወጣ «ሱቦ»፦ የስፓኒሽ ግሥ አረባብ በፊደል ገበታችን

የእህቴ ልጅ ደሴ ትኖራለች፣ ኮምቦልቻ ልብስ ስፌት ትሠራለች። ጠዋት ትወርዳለች፣ ማታ ትወጣለች። መንገዱ ወደ 25 ኪሎ ሜትር ነው። መሃሉ ላይ ግን ሐረጎ የሚባለው ጠመዝማዛ ዳገት አለ። ጠመዝማዛው ላይ ሚኒባሱ ሲዞር ደብተር ከፍቶ ማንበብ አይታሰብም፤ ያቅለሸልሻል። ስለዚህ «አጎቴ፣ ስፓኒሽ አስተምረኝ፤ ግን መኪና ውስጥ በቃሌ የምለማመደው ይሁን» አለችኝ።

ይህ መመሪያ የመጣው ከዚያ ጥያቄ ነው። የስፓኒሽ መደበኛ ግሦች በአሁን ጊዜ እንዴት እንደሚረቡና የት የት እንደሚያገለግሉ አሳያችኋለሁ። አማርኛ ለሚናገር ሰው ነገሩ እንግዳ አይደለም። እኛም ግሥ ስናረባ ነው ያደግነው። ፊደል ገበታውን ደግሞ ከሕፃንነታችን ጀምሮ በቃላችን ይዘነዋል። ከሁለቱ ሌላ ምንም አያስፈልገንም።

እኔ ስፓኒሽ የተማርኩት ከሰፈራችን ሰው ነው። ጋሼ እላቸው ነበር። በ1970ዎቹ ኩባ ሄደው ከተማሩት በሺዎች ከሚቆጠሩ የኢትዮጵያ ልጆች አንዱ ናቸው። ስለዚህ የማስተምራችሁ አነጋገር የኩባንና የቀረውን የላቲን አሜሪካ አነጋገር የተከተለ ነው። የስፔኑ የሚለይበት ቦታ ላይ ስንደርስ እነግራችኋለሁ።

ከመጀመራችን በፊት ስለ ድምፆቹ

ስፓኒሽ ለአማርኛ አፍ ይመቻል። «ኝ» አላቸው፤ ቋንቋቸውን ራሱን «ኤስፓኞል» ይሉታል። «ኽ» አላቸው፤ «ሥራ» ማለት «ትራባኾ» ነው። አናባቢዎቻቸው አምስት ብቻ ናቸው፦ ኣ፣ ኤ፣ ኢ፣ ኦ፣ ኡ። ሁሉም ገበታችን ላይ አሉ። «አቼ» የሚባል ፊደል አላቸው፤ ይጻፋል እንጂ አይነበብም። «አብላር» (መናገር) የሚለው ቃል ሲጻፍ በእሱ ይጀምራል፤ ስንናገር ግን ከ«አ» ነው የምንነሳው። በላቲን ፊደል ሁለት ዓይነት የሚጻፈውን «ብ» እና «ቭ»ም ሁለቱንም «ብ» ብላችሁ አንብቡ። ስለዚህ «መኖር» ማለት «ቢቢር» ነው።

እዚህ ሁሉንም በእኛ ፊደል ነው የምጽፈው። አፋችሁ ከለመደ በኋላ የላቲኑን አጻጻፍ ከጎኑ መጻፍ ትችላላችሁ። መጀመሪያ ግን አፍ ይቅደም እላለሁ።

አንደኛ፦ የግሡን መጨረሻ ተመልከቱ

በአማርኛ የግሥ አርእስት ከፊቱ «መ» አለው፦ መብላት፣ መውረድ፣ መሸጥ። በስፓኒሽ ምልክቱ ያለው ከኋላ ነው። ሁሉም በ«ር» ይጨርሳሉ። ከ«ር» በፊት ያለውን ፊደል ስታዩ ግሡ ከየትኛው ቤት እንደሆነ ታውቃላችሁ።

«ባኻር» ማለት መውረድ ነው። ከ«ር» በፊት ያለው «ኻ»፣ ራብዕ ነው። ይህ የራብዕ ቤት ነው።

«ቤንዴር» ማለት መሸጥ ነው። ከ«ር» በፊት «ዴ» አለ። የኃምስ ቤት ነው።

«ሱቢር» ማለት መውጣት ነው፤ ዳገት እንደምንወጣው። ከ«ር» በፊት «ቢ» አለ። የሣልስ ቤት ነው።

ቤቱ ሦስት ብቻ ነው። አራተኛ የለም።

ሁለተኛ፦ «ር»ን አንሱ፣ የቀረችውን የመጨረሻ ፊደል ያዙ

«ባኻር» «ር»ን ስናነሳለት «ባኻ» ይቀራል። ዓይናችሁ «ኻ» ላይ ይረፍ። ሥራው ሁሉ የሚሠራው እሷ ላይ ነው። ከእሷ በፊት ያለው «ባ» አይነካም። «ቤንዴር» ላይ የምትሠራው ፊደል «ዴ» ናት፤ «ሱቢር» ላይ «ቢ» ናት።

እኛ ግሥ ስናረባ ከፊትም ከኋላም እንነካካለን። «እ-ወርድ-አለሁ»፣ «ት-ወርድ-አለህ»፣ «እን-ወርድ-አለን» እያልን። ስፓኒሽ ፊቱን አይነካም። ለውጡ ሁሉ ከኋላ ነው። ስለዚህ ከለመድነው ይቀላል።

ሦስተኛ፦ ፊደሏን በገበታው ላይ አንቀሳቅሱ

የዘዴው ልብ እዚህ ነው። የእህቴ ልጅ አንድ ማታ ሐረጎን እስክትወጣ ድረስ የጨረሰችው ይህንን ነው።

«እኔ» ስትሉ ፊደሏ ሁልጊዜ ወደ ሳብዕ ትሄዳለች። ሦስቱም ቤት ላይ እንዲሁ ነው፤ ልዩነት የለውም። «ኻ» «ኾ» ትሆናለች፣ «ዴ» «ዶ» ትሆናለች፣ «ቢ» «ቦ» ትሆናለች። ባኾ፣ ቤንዶ፣ ሱቦ። እወርዳለሁ፣ እሸጣለሁ፣ እወጣለሁ።

ለሌሎቹ ሰዎች የራብዕ ቤት ራብዕ እንደሆነ ይቆያል። የኃምስ ቤትም ኃምስ እንደሆነ ይቆያል። ከዚያ ለአንተ ወይም ለአንቺ «ስ» ጨምሩ። ለእሱ ወይም ለእሷ ምንም አትጨምሩ። ለእኛ «ሞስ»፣ ለእነሱ «ን» ጨምሩ። በቃ።

የራብዕ ቤት፣ «ባኻር»፦

ባኾ፦ እወርዳለሁ
ባኻስ፦ ትወርዳለህ፣ ትወርጃለሽ
ባኻ፦ ይወርዳል፣ ትወርዳለች
ባኻሞስ፦ እንወርዳለን
ባኻን፦ ይወርዳሉ፣ ትወርዳላችሁ

የኃምስ ቤት፣ «ቤንዴር»፦

ቤንዶ፦ እሸጣለሁ
ቤንዴስ፦ ትሸጣለህ፣ ትሸጫለሽ
ቤንዴ፦ ይሸጣል፣ ትሸጣለች
ቤንዴሞስ፦ እንሸጣለን
ቤንዴን፦ ይሸጣሉ፣ ትሸጣላችሁ

የሣልስ ቤት ብቻ ትንሽ ይለያል። ሣልስነቱ የሚታየው «እኛ» ላይ ነው። ለአንተ፣ ለእሱና ለእነሱ ሲሆን ወደ ኃምስ ይሻገራል።

ሱቦ፦ እወጣለሁ
ሱቤስ፦ ትወጣለህ፣ ትወጫለሽ
ሱቤ፦ ይወጣል፣ ትወጣለች
ሱቢሞስ፦ እንወጣለን
ሱቤን፦ ይወጣሉ፣ ትወጣላችሁ

ግዕዝ፣ ካዕብና ሳድስ እዚህ ሥራ የላቸውም። ከሰባቱ አራቱ ብቻ ናቸው የሚያገለግሉን።

አሁን ይህንኑ በሌሎች ሞክሩት። «ትራባኻር» (መሥራት)፣ «ኮምፕራር» (መግዛት)፣ «ቶማር» (መጠጣት፣ መውሰድ) የራብዕ ቤት ናቸው። «ኮሜር» (መብላት)፣ «አፕሬንዴር» (መማር) የኃምስ ቤት ናቸው። «ቢቢር» (መኖር)፣ «ኤስክሪቢር» (መጻፍ) የሣልስ ቤት ናቸው። «እንኖራለን» የሚለውን ሠንጠረዡን ሳታዩ አውጡት። «ቢቢሞስ» ካላችሁ ገብቷችኋል።

ስፔን አገር ጓደኛሞች እርስ በርስ «እናንተ» ሲባባሉ የተለየ መጨረሻ አላቸው፦ ባኻይስ፣ ቤንዴይስ፣ ሱቢስ። የስፔን ኳስ ጨዋታ በስፓኒሽ የምትሰሙ ከሆነ ጆሯችሁ ላይ ይመጣል። ላቲን አሜሪካ ውስጥ ግን ለ«እናንተ»ም ለ«እነሱ»ም «ባኻን» ይበቃል። ለጀማሪ ይህንን ነው የምመክረው።

አራተኛ፦ የት ላይ እንደምታጠብቁ ልብ በሉ

አማርኛ «አለ» ብለን ስንጽፍ ሲላላ «ተናገረ» ነው፣ ሲጠብቅ «ይገኛል» ነው። ጽሑፉ አንድ ነው፤ ድምፁ ግን ትርጉም ይቀይራል። ስፓኒሽም የሚመሳሰል ነገር አለው። እዚያ የሚለየው ግን ድምፁ ከፍ የሚልበት ቦታ ነው።

«ባኾ» ስትሉ ጉልበቱን «ባ» ላይ ካሳረፋችሁት «እወርዳለሁ» ነው። «ኾ» ላይ ካሳረፋችሁት ግን «ወረደ» ይሆናል። የሄደው ሰውም ጊዜውም ተቀየረ ማለት ነው። ስፓኞቹ ሲጽፉ ለኋለኛው አናባቢው ላይ ጭረት ያደርጉበታል፤ ሲናገሩ ግን ጆሮ ብቻ ነው የሚለየው። ስለዚህ እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ለእኔ፣ ለአንተ፣ ለእሱና ለእነሱ ጉልበቱ የማይለወጠው ፊደል ላይ ይሁን፦ ባኾ፣ ባኻስ፣ ባኻ፣ ባኻን። ለእኛ ሲሆን ወደ ኋላ ይሄዳል፦ ባኻሞስ፣ ቤንዴሞስ፣ ሱቢሞስ።

አምስተኛ፦ «እኔ» ማለት አያስፈልግም

«እወርዳለሁ» ካልን «እኔ» ማለት ምን ያደርጋል? ግሡ ውስጥ አለ። በስፓኒሽም እንዲሁ ነው። «ባኾ» በራሱ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው። እንግሊዝኛ ቀድሞ የተማረ ሰው ግን ሁሉም ላይ «ዮ» (እኔ) እየጨመረ ይቸገራል። ተዉት።

«ዮ» የምትመጣው ስናነጻጽር ነው። «ዮ ባኾ፣ ኤያ ሱቤ»፦ እኔ እወርዳለሁ፣ እሷ ትወጣለች። በአማርኛም «እኔ» የምንለው እንዲህ ሲሆን ነው።

አንድ ቦታ ላይ ግን ከእኛ ይለያል። አማርኛ «ይወርዳል» እና «ትወርዳለች» ብሎ ወንድና ሴቱን በግሡ ይለያል። ስፓኒሽ ለሁለቱም «ባኻ» ነው የሚለው። ከወሬው ማን እንደሆነ ካልታወቀ «ኤል ባኻ» (እሱ) ወይም «ኤያ ባኻ» (እሷ) በሉ። አንተና አንቺም አንድ ናቸው፤ ሁለቱም «ቱ» ይባላሉ፤ ለሁለቱም «ባኻስ» ነው።

ስድስተኛ፦ «አንቱ» ብሎ ያደገ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ

እዚህ ላይ ቆም እንበል። አማርኛ ተናጋሪን እንደዚህ የሚያሳስት ሌላ ቦታ አላየሁም። እኔም ተሳስቼበታለሁ።

እኛ ትልቅ ሰው ስናከብር በብዙ ቁጥር ነው የምንናገረው። «እርስዎ ይወርዳሉ»፣ «እሳቸው ይወርዳሉ»፣ «እነሱ ይወርዳሉ»። ግሡ ለሦስቱም አንድ ነው። ወሎ ውስጥ ደግሞ አንቱታ ከአፍ አይጠፋም። ስለዚህ ስፓኒሽ የጀመርኩ ሰሞን ጋሼን ላከብራቸው ብዬ «ኡስቴድ ባኻን» አልኳቸው። «ኡስቴድ» ማለት «እርስዎ» ነው። እሳቸው እጄን ያዝ አደረጉና «ልጄ፣ እኔ እኮ አንድ ሰው ነኝ» አሉኝ።

ስፓኒሽ አክብሮትን የሚበደረው ከ«እሱ» ነው እንጂ ከ«እነሱ» አይደለም። «እርስዎ ይወርዳሉ» ማለት «ኡስቴድ ባኻ» ነው። አንድ ሰው እስከሆኑ ድረስ ግሡም ነጠላ ነው። ብዙ ትልልቅ ሰዎች ፊት ከሆናችሁ «ኡስቴዴስ ባኻን» ትላላችሁ።

«እሳቸው»ም እንዲሁ ናቸው። ስለ አያታችሁ ስትናገሩ አማርኛው «አያቴ ይሸጣሉ» ነው። አፍ «ቤንዴን» ማለት ይፈልጋል። ግን «ሚ አቡዌላ ቤንዴ» ነው የሚባለው። ሲሉት እንደ ድፍረት ይሰማል፤ አውቃለሁ። ድፍረት ግን አይደለም። ስፓኒሽ በሌለ ሰው ላይ የአክብሮት ግሥ የለውም። አክብሮቱን በድምፃችሁና በምትመርጡት ቃል አሳዩ።

ሰባተኛ፦ ዓረፍተ ነገር ሥሩ

በአማርኛ ግሥ መጨረሻ ላይ ይቀመጣል። «ዳቦ እገዛለሁ።» በስፓኒሽ ግሡ ቀድሞ የሚገዛው ነገር ይከተላል፦ «ኮምፕሮ ፓን»። የሚሠራው ሰው ከተጠቀሰ እሱ ከግሡ በፊት ይመጣል።

«ሎስ ሉኔስ ሚ ማድሬ ኮምፕራ ሴቦያስ ኤን ኤል ሜርካዶ።» ሰኞ ሰኞ እናቴ ከገበያ ሽንኩርት ትገዛለች። «ሎስ ሉኔስ» የሚለው ቁርጥ «ሰኞ ሰኞ» ነው። ለደሴ ልጅ ሰኞ ገበያን ማስታወስ ነው።

«ቢቦ ኤን ደሴ ኢ ትራባኾ ኤን ኮምቦልቻ።» ደሴ እኖራለሁ፣ ኮምቦልቻ እሠራለሁ። የእህቴ ልጅ ስለ ራሷ በመጀመሪያ የጻፈችው ይህን ነው።

የሚደረግበት ሰው ከሆነ ከፊቱ «ኣ» አስገቡ። እኛ «አክስቴን እጎበኛለሁ» ብለን «ን» እንደምናደርገው፣ «ቢሲቶ ኣ ሚ ቲያ» ይባላል። ለዳቦና ለሽንኩርት «ኣ» አያስፈልግም።

አፍራሽ ለማድረግ እኛ «አል» ከፊት፣ «ም» ከኋላ እናደርጋለን፦ አልወርድም። እነሱ ከፊት «ኖ» ብቻ ያስገባሉ፦ «ኖ ባኾ»። ግሡ አይነካም። «አይ፣ አልወርድም» ለማለት «ኖ፣ ኖ ባኾ» ነው፤ ሁለት ጊዜ «ኖ»።

ጥያቄ ከዚያም ይቀላል። እኛ «ትወርዳለህ?» ብለን ድምፃችንን ብቻ እንደምናነሳው «ባኻስ?» ነው። ሲጻፍ መጀመሪያውም ላይ የተገለበጠ የጥያቄ ምልክት ይደረጋል። አንባቢው ድምፁን ከየት እንደሚያነሳ ቀድሞ ያውቃል።

ስምንተኛ፦ መቼ ነው የምንጠቀምበት?

ሁልጊዜ ለምናደርገው ነገር። «ቶዶስ ሎስ ዲያስ ባኾ ኣ ኮምቦልቻ»፦ በየቀኑ ኮምቦልቻ እወርዳለሁ።

አሁን እያደረግነው ላለው ነገር። ስልክ ተደውሎ ምን እያደረግህ ነው ብትባሉ «ኮሞ» ማለት ይቻላል፤ እየበላሁ ነው። «እየ» የሚመስል ሌላ አባባልም አላቸው፤ ለጊዜው ግን ይቆይ።

ለተወሰነ ነገ። «ማኛና ባኾ ኣ ኮምቦልቻ»፦ ነገ ኮምቦልቻ እወርዳለሁ። አማርኛችንም «እወርዳለሁ» ብሎ የዛሬውንም የነገውንም በአንድ ግሥ ይይዘዋል። ከእንግሊዝኛ ይልቅ ከአማርኛ መነሳት የሚጠቅመው እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ነው።

አንድ አጠቃቀም ግን ከእኛ ይለያል። «ደሴ ከኖርኩ አምስት ዓመቴ ነው» ስንል «ኖርኩ» ያለፈ ነው። እነሱ ኑሮው እስካላቆመ ድረስ በአሁን ጊዜ ነው የሚሉት፦ «ቢቦ ኤን ደሴ ዴስዴ ኣሴ ሲንኮ ኣኞስ»። ወደ ያለፈ ጊዜ ካዞራችሁት ደሴን የለቀቃችሁ ይመስላል።

ሁለት ግሥ ከተከታተለ የሚረባው የመጀመሪያው ብቻ ነው። ሁለተኛው ከነ «ር»ው ይቀመጣል። «ኔሴሲቶ ባኻር»፦ መውረድ ያስፈልገኛል። የእኛ «መውረድ» ባለበት እንደሚቀረው ማለት ነው።

ዘጠነኛ፦ አፈንጋጮቹን ለብቻ ያዙ

መሆን፣ መሄድ፣ መኖር ሲባል «አለኝ» የምንለው ዓይነት ግሦች ይህን መንገድ አይከተሉም። «ሴር» (መሆን) «ሶይ» ይላል፤ «ኢር» (መሄድ) «ቦይ» ይላል፤ «ቴኔር» (ያለው መሆን) «ቴንጎ» ይላል። በብዙ ቋንቋ በብዛት የምንጠቀምባቸው ግሦች ናቸው ከመስመር የሚወጡት፤ የእኛ «ነኝ፣ ነህ፣ ነው»ም ከሌላው ግሥ አይመሳሰልም። እነዚህን ሦስቱን እንደ ቃል በቃላችሁ ያዙ እንጂ በገበታው ለመፍታት አትድከሙ።

አሥረኛ፦ ሐረጎ ላይ መለማመድ

ሠንጠረዥን ከላይ እስከ ታች መሸምደድ አልመክርም። በቃል ይያዛል፣ ሰው ፊት ግን አይወጣም። ጥያቄና መልስ ይሻላል። ሰው «ባኻስ?» ሲላችሁ እናንተ «ሲ፣ ባኾ» ማለት አለባችሁ። «ስ» ወድቃ ፊደሏ ወደ ሳብዕ ትዞራለች። ይህ መዞር ሳይታሰብ እስኪመጣ ድረስ ደጋግሙት። ቶማስ? ሲ፣ ቶሞ። ኮሜስ? ሲ፣ ኮሞ። ቢቤስ ኤን ደሴ? ሲ፣ ቢቦ ኤን ደሴ።

የእህቴ ልጅ እንዲህ ነው የምታደርገው። ለአንድ ሳምንት ስድስት ግሥ ብቻ ትይዛለች፣ ከየቤቱ ሁለት ሁለት። ጠዋት ፒያሳ ስትሳፈር ጃኬት ለብሳ «እኔ»ን ትጀምራለች፤ ስድስቱን በሳብዕ ትጨርሳለች። ሐረጎ ላይ መዞሪያው ሲበዛ ጥያቄና መልስ ለራሷ ትጠይቃለች። ኮምቦልቻ ሙቀቱ ሲጀምርና ጃኬቷን ስታወልቅ «እኛ» ላይ ትደርሳለች፤ ጉልበቱን ወደ ኋላ እያሳረፈች፦ ባኻሞስ፣ ትራባኻሞስ፣ ቤንዴሞስ፣ ኮሜሞስ፣ ቢቢሞስ፣ ሱቢሞስ። ማታ ስትመለስ ሁሉንም በ«ኖ» ትላቸዋለች።

ልትወርድ ስትል «ወራጅ አለ!» ከማለቷ በፊት በልቧ «ባኾ» ትላለች። ሜክሲኮ ውስጥ ሚኒባስ ላይ የሚወርድ ሰው ምን ብሎ እንደሚጮህ ስነግራት ደስ አላት። «ባኻን!» ነው የሚሉት። «ይወርዳሉ» ማለት ነው። ማን እንደሚወርድ አይጠቀስም፤ ሾፌሩ ያቆማል።